ግሪሳ ለምን አያልቅም? ጥንብ አንሳስ ለምን አነሰ?



በዚህ ዓመት ማሽላው እሸት በያዘበት ሰሞን፣ በስድስተኛ ክፍል የሳይንስ ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «መምህር፣ ግሪሳን በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጩታል፤ እሱ ግን አያልቅም። ጥንብ አንሳን ማንም አይረጨውም፤ አባቴ ግን ድሮ ከብት ሲሞት ሰማዩ በጥንብ አንሳ ይሞላ ነበር፣ አሁን የሚመጣው ሦስት አራት ብቻ ነው ይላል። የሚገደለው ሳያልቅ የማይገደለው እንዴት ያንሳል?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ጥያቄው ትልቅ ጥያቄ ነው። አጭር መልስ ሰጥቻት ሳልጨርስ ደወል ተደወለ። የቀረውን መልስ ለእሷም ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ በዚህ የዓመት መጽሔታችን ላይ ጽፌዋለሁ። እርሳስና ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉ፤ ትንሽ ሒሳብ አለበት።

ሁለት ጎተራዎች

በአንድ አካባቢ ያሉ የአንድ ዓይነት ወፎችን ቁጥር እንደ ጎተራ አስቡት። ወደ ጎተራው የሚገባ አለ፤ የሚወጣም አለ። የሚገባው በመፈልፈልና ከሌላ አገር በመምጣት ነው። የሚወጣው ደግሞ በመሞትና ወደ ሌላ አገር በመሄድ ነው። የሚገባው ከሚወጣው ከበለጠ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ካነሰ ይቀንሳል፤ እኩል ከሆነ ባለበት ይቆያል።

አሁን ሁለት ጎተራዎችን እናወዳድር። የመጀመሪያው መግቢያውም መውጫውም ሰፊ ነው፤ ብዙ ይገባል፣ ብዙ ይወጣል። ሁለተኛው መግቢያውም መውጫውም ጠባብ ነው፤ ጥቂት ይገባል፣ ጥቂት ይወጣል። ሁለቱም ለብዙ ዘመን ሞልተው ሊቆዩ ይችላሉ። ነገር ግን የሁለቱንም መውጫ በአንድ ክንድ ብናሰፋው፣ ቀድሞ የሚጎድለው የትኛው ነው? ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም የጎደለውን ቶሎ የሚተካበት ሰፊ መግቢያ የለውም።

ግሪሳ የመጀመሪያው ጎተራ ነው። ጥንብ አንሳ ሁለተኛው ነው። የትምህርታችን ሐሳብ በሙሉ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያው ነው።

ግሪሳ፦ ብዙ ወልዶ ቶሎ የሚሞት

እኔ ያደግሁት በመተማ ቆላ ነው። በልጅነቴ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ከጠዋት እስከ ማታ ማማ ላይ ወጥቼ ወንጭፍ ሳስወነጭፍና ጅራፍ ሳጮህ እውል ነበር። የግሪሳ መንጋ ሲመጣ እንደ ጭስ ነው የሚታየው። ከአንዱ ጥግ ስታባርሩት በሌላው ጥግ ያርፋል። አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ የአንዱ ትልም ማሽላ ባዶ አገዳ ሆኖ አገኘሁት። አባቴ አልመታኝም፤ ዝም ብሎ አገዳውን ሲያይ ቆየ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ድረስ ትዝ ይለኛል።

አንድ ግሪሳ ክብደቱ 20 ግራም ያህል ብቻ ነው። በቀን የሚበላው ግን 10 ግራም ያህል ጥሬ ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ግሪሳ ያለበት መንጋ በአንድ ቀን 10,000 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 100 ኩንታል ይበላል ማለት ነው። በመላው አፍሪካ ለመራባት የደረሰው ግሪሳ ብቻ አንድ ቢሊዮን ተኩል እንደሚደርስ ተገምቷል። በዓለም ላይ ካሉት የዱር ወፎች በቁጥሩ የሚበልጠው የለም ይባላል።

ይህን ያህል ሊሆን የቻለው በአረባቡ ፍጥነት ነው። ዝናብ ጥሎ ሣሩ ሲያፈራ ወንዱ በግራር እሾህ መካከል ከሣር ጎጆ ይሠራል። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በ10 እና በ12 ቀን መካከል ይፈለፈላል። ጫጩቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከጎጆው ይወጣል። ወላጆቹም ዝናቡን ተከትለው ወደ ሌላ ቦታ ሄደው በዚያው ወቅት እንደገና ይወልዳሉ። የዘንድሮው ጫጩት በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ወላጅ ይሆናል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ብዙው ሁለትና ሦስት ዓመት አይዘልቅም።

እስቲ እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። 1,000 ግሪሳ ነበሩ እንበል። መድኃኒት ተረጨና 800 ሞቱ፤ 200 ቀሩ፤ ይህም 100 ጥንድ ነው። እያንዳንዱ ጥንድ በአንድ ወቅት ሦስት ጊዜ ጎጆ ሠርቶ በየጊዜው ሁለት ጫጩት ቢያሳድግ 600 ልጆች ይሆናሉ። ከ200ው ጋር 800 ሆኑ። እስከሚቀጥለው ክረምት ግማሹ ቢሞት እንኳ 400 ይቀራሉ፤ 200 ጥንድ መሆኑ ነው። እነርሱም በተራቸው 1,200 ልጆች ሲያሳድጉ ድምሩ 1,600 ይሆናል። ከአሥሩ ስምንቱ የሞቱበት መንጋ በሁለት ክረምት ከቀድሞው በለጠ!

በእርግጥ ቁጥሩ እንዲህ እያደገ አይቀጥልም። በበጋ ጥሬው ሲያልቅ ብዙው በረሀብ ይሞታል። እዚህ ላይ ግን አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉ፦ በመድኃኒት ያልሞቱት ግሪሳዎች የሞቱትን ድርሻ ጥሬ ይበላሉና ከረሀብ የመትረፍ ዕድላቸው ይጨምራል። እንግዲህ ርጭት የዘንድሮን ማሳ ሊያድን ይችላል፤ የግሪሳን ዘር ግን አይቀንስም። ኢትዮጵያና ሱዳን አባል የሆኑበት፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣው ጎን ለጎን ግሪሳንም ሲከላከል የኖረው፣ ሥራው በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ስላልሆነ ነው።

ጥንብ አንሳ፦ ጥቂት ወልዶ ብዙ የሚኖር

በኢትዮጵያና በሱዳን ሰማይ ላይ ከሚታዩት ጥንብ አንሳዎች አንዱ ሩፔል የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን ከጎበኘው ጀርመናዊ ተመራማሪ ከኤድዋርድ ሩፔል ነው። ገደል ላይ ጎጆ ሠርቶ አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል። እናትና አባት እየተፈራረቁ 55 ቀን ያህል ይታቀፉታል። ጫጩቱ አምስት ወር ያህል በጎጆ ውስጥ ይቆያል፤ መብረር ከጀመረም በኋላ ምግብ የሚጠብቀው ከወላጆቹ ነው። ያ ልጅ ራሱ ወላጅ እስኪሆን ድረስ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። የጥንብ አንሳ እንቁላል ከሁሉም ይልቅ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው።

እንዲህ ሆኖ ዘሩ እንዴት ሳይጠፋ ኖረ? አንዴ ካደገ በኋላ ቶሎ ስለማይሞት ነው። እንደገና እናስላ። 1,000 ጎልማሳ ጥንብ አንሳዎች አሉ እንበል፤ 500 ጥንድ ናቸው። በዓመት ከ100 ጎልማሶች 5 ብቻ ይሞታሉ፤ ከ1,000 ደግሞ 50 ማለት ነው። ከአሥር ጥንድ ስድስቱ አንድ አንድ ጫጩት ቢያሳድጉ 300 ጫጩት ይገኛል። ከስድስት ጫጩት አንዱ ብቻ ለወላጅነት ቢደርስ 50 ተተኪ ይሆናል። 50 ሞተ፣ 50 ተተካ፤ ጎተራው ሞልቶ ይቆያል።

አሁን መውጫውን በትንሹ እናስፋው። በመርዝ ወይም በኤሌክትሪክ ሽቦ ምክንያት በዓመት ከ100 ጎልማሶች 5 ሳይሆን 10 ሞቱ እንበል። ልዩነቱ ከመቶ አምስት ብቻ ነው፤ ዓይን አይሞላም። ነገር ግን 100 ሲሞት የሚተካው 50 ነው። ይህ እንዲሁ ቢቀጥል 20 ዓመት ሳይሞላ ከወፎቹ ግማሹ ያልቃሉ።

«ታዲያ ብዙ ቢወልዱስ?» ትሉ ይሆናል። ተጨማሪ 50 ጎልማሶችን ለመተካት ተጨማሪ 300 ጫጩት ያስፈልጋል፤ በድምሩ 600። ያሉት ጥንዶች 500 ናቸው፤ እያንዳንዱ ጥንድ የሚጥለው አንድ እንቁላል ነው። ሁሉም ቢቀናቸው፣ አንድም እንቁላል ባይሰበር እንኳ 600 ጫጩት አይገኝም። ስለዚህ ለእንደዚህ ዓይነቱ ወፍ መዳኛው ብዙ መውለድ አይደለም፤ ጎልማሳው በሕይወት እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ጎልማሶቹ ረጅም ዕድሜ ስላላቸው ጫጩት ቢጠፋም ለብዙ ዓመታት ሰማዩ ላይ እናያቸዋለን። «አሉ እኮ!» እንላለን። ያየናቸው ግን አሮጌዎቹ ናቸው፤ ተተኪ የላቸውም።

ባሕር ላይ ያሉ ዘመዶቻቸው

ይህን ነገር ሳይንቲስቶች በደንብ ያጠኑት በባሕር ወፎች ላይ ነው። ከባሕር ወፎች ብዙዎቹ እንደ ጥንብ አንሳ ዘግይተው ይወልዳሉ፤ አንድ እንቁላል ይጥላሉ፤ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። በደቡብ ውቅያኖሶች የሚኖረው ታላቁ አልባትሮስ ክንፉ ሲዘረጋ ሦስት ሜትር ያልፋል። ልጁን ለማሳደግ ከዓመት በላይ ስለሚፈጅበት የሚወልደው በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ያውም አንድ።

ከሌላው የአልባትሮስ ዓይነት ደግሞ «ዊዝደም» ማለትም «ጥበብ» የተባለች አንዲት ወፍ አለች። እ.ኤ.አ. በ1956 በፓስፊክ ውቅያኖስ ሚድዌይ በተባለ ደሴት ላይ እግሯ ላይ የመለያ ቀለበት ሲደረግላት ጎልማሳ ነበረች። በ2024 መጨረሻ፣ ወደ 74 ዓመት ሲሆናት፣ እዚያው ደሴት ላይ ተመልሳ እንቁላል ጣለች። ይህ መጽሔት እጃቸው ከሚገባ አያቶች አብዛኞቹን በዕድሜ ትበልጣለች።

አልባትሮሶችን የጎዳቸው የእንቁላል ማነስ አልነበረም። ዓሣ አጥማጅ መርከቦች ሺህ መንጠቆ ያለበት ረጅም ገመድ ሲጥሉ ወፎቹ በመንጠቆው ላይ ያለውን ሥጋ ሊበሉ ሲወርዱ ተይዘው ይሰጥማሉ። ጎልማሳው ሲሞት ጎጆ ውስጥ ያለው ጫጩትም በረሀብ ይሞታል። መፍትሔው ግን ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ከመርከቡ ኋላ በነፋስ የሚወዛወዝ ወፍ ማስፈራሪያ ክር ማንጠልጠል፣ ገመዱን በሌሊት መጣል፣ ቶሎ እንዲሰጥም ክብደት ማሰር። በአፍሪካዊቷ ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ2015 ማስፈራሪያው በሕግ ግዴታ ከሆነ በኋላ በረጅም ገመድ በሚያጠምዱ መርከቦች የሚሞቱት የባሕር ወፎች 98 በመቶ ቀነሱ። እኛ ማሽላ ላይ የምናስረው ማስፈራሪያ ወገን ነው እኮ! ልዩነቱ፣ እኛ ማሽላውን ከወፉ ስናድን እነርሱ ወፉን ከመንጠቆው ማዳናቸው ነው።

ከእኛ ብዙም ሳይርቅ

ለቀይ ባሕር ቅርብ በሆነችው በፖርት ሱዳን የሆነውን ደግሞ ስሙ። በ1950ዎቹ ከፖርት ሱዳን የተዘረጋ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ነበር። ከአውሮፓና ከእስያ ክረምታቸውን ሸሽተው ወደ ሱዳንና ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡ ነጭ ጥንብ አንሳዎች፣ የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባሉት፣ ዛፍ በሌለበት በረሃ ምሰሶው ላይ ያርፋሉ። ክንፋቸው ሰፊ ስለሆነ ብረቱ ላይ ቆመው ሽቦውን ሲነኩ ኤሌክትሪክ ይገድላቸው ነበር። በ1980ዎቹ ከመስመሩ ሥር ከ50 በላይ ሬሳ ተገኘ። በ2010 በተደረገ ሌላ ፍተሻም 17 ተገኙ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት የሞቱት በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺዎች እንደሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ገመቱ። በ2014 መስመሩ ተቋረጠ፤ በምትኩ ለወፎች የማያሰጋ መስመር ተዘረጋ። አንድ ሽቦ ብቻ ከሩቅ አገር የሚመጣን የወፍ ዘር ሲቀንስ ኖረ ማለት ነው፤ አንድ ትክክለኛ ውሳኔም አስቆመው።

በሕንድ የሆነው ከዚህም ይከፋል። ለታመሙ ከብቶች የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ነበር። መድኃኒቱ የተሰጠው ከብት ሲሞት ሥጋውን የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየተበላሸ ሞቱ። በ15 ዓመት ገደማ ውስጥ ከአንደኛው ዓይነት ከመቶ 99ኙ አለቁ። ጥንቡን የሚያነሳ ጠፋና የባዘኑ ውሾች በዙ፤ ከውሾቹም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ጨመረ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ተከለከለ።

በሰፈራችን የሆነው

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ባለፈው ዓመት አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ፍየሎቻቸውን ጅብ ፈጀባቸው። ፍየል ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ወተትም፣ የትምህርት ቤት ደብተርም፣ የሐኪም ቤት ገንዘብም ነው። ሥጋ ላይ መርዝ አድርገው ሊያስቀምጡ እንዳሰቡ ቡና ላይ ሲናገሩ ሰማሁ። የተቆጡ ሰው ናቸውና ልናገራቸው አፈርሁ፤ ዝም አልሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ጅቡ አልሞተም። የሞቱት የአንድ ጎረቤት ውሻና ሰባት ጥንብ አንሳዎች ነበሩ። አዛውንቱ ራሳቸው ወደ ትምህርት ቤት መጥተው «መምህር፣ እነዚህን እንኳ አላሰብኋቸውም» አሉኝ። እኔ ግን ማሰብ ነበረብኝ፤ የተማርሁት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ከላይ ባለው ምሳሌ ሒሳቡን ሠራሁት። ሰባት ጎልማሶችን ለመተካት 42 ጫጩት ማደግ አለበት። ያን ያህል ጫጩት ለማግኘት 70 ጥንድ ጥንብ አንሳዎች አንድ ዓመት ሙሉ መድከም ይኖርባቸዋል። የአንድ ሌሊት መርዝ፣ የ70 ቤተሰብ የዓመት ልፋት።

አዛውንቱ ከዚያ ወዲህ የበረታቸውን የእሾህ አጥር ከፍ አድርገው አጠሩት፤ ልጆቻቸውም ተራ ገብተው ይጠብቃሉ። ጅቡ አሁንም ይመጣል፤ የሚገባበት ግን አላገኘም።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፣ ማማ ላይ ሆናችሁ ግሪሳን በወንጭፍና በጩኸት አባርሩ፤ የቤተሰባችሁ እንጀራ ነው፤ የግሪሳም ዘር በዚህ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ መድኃኒት በተረጨበት ቦታ የወደቀ ግሪሳ ለመብላት አትልቀሙ፤ ለግሪሳ ርጭት የሚውለው ፌንቲዮን የሰውንም ነርቭ የሚጎዳ መርዝ ነው። ሦስተኛ፣ ጥንብ አንሳን በድንጋይ አትምቱ፤ መርዝ የተደረገበት ሥጋ ካያችሁም ሳትነኩት ለትልቅ ሰው ተናገሩ። እንደ እኔ ዝም አትበሉ።

ለመልመጃ

1. በዓመት ከ100 ጎልማሶች 5 የሚሞቱ ከሆነ አንድ ጎልማሳ በአማካይ ስንት ዓመት ይኖራል? 10 የሚሞቱ ከሆነስ?

2. ዶሮ፣ ርግብ፣ ግሪሳና ጥንብ አንሳ ከሁለቱ ጎተራዎች ወደ የትኛው ይጠጋሉ? ምክንያታችሁን ጻፉ።

3. አያቶቻችሁን ወይም ወላጆቻችሁን ጠይቁ፦ በልጅነታቸው በብዛት ያዩት የነበረ፣ አሁን ግን የማያዩት ወፍ የትኛው ነው? ምን ሆነ ይላሉ?

4. በሰቲት ዳር ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት የምታዩአቸውን ጥንብ አንሳዎች ቆጥራችሁ መዝግቡ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሳምንት እንደገና እንቆጥራለን።

ለጠየቀችው ተማሪ መልሴ ይህ ነው፦ ግሪሳ የማያልቀው የሞተውን በአንድ ክረምት ስለሚተካ ነው፤ ጥንብ አንሳ ያነሰው ደግሞ የሞተውን ለመተካት ዓመታት ስለሚፈጅበት ነው። አባትሽ ያዩት እውነት ነው። ቆጠራውን አንቺ ትጀምሪልናለሽ፤ መዝገቡ በቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅቶልሻል።